ከእህል በኋላ የሚነሳ ሕመም፦ ስለተጨመቀው የሆድ ደም ቅዳና በሮቦት ስለሚደረገው ቀዶ ሕክምና

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ሰምቶት ስለማያውቅ አንድ የሆድ ሕመም ነው። ለጨጓራ፣ ለጉበትና ለጣፊያ ደም የሚያደርስ ደም ቅዳ በገዛ ሰውነታችን ጅማት ተጨምቆ የሚመጣ ሕመም ነው። መፍትሔው ጅማቱን መቁረጥ ሲሆን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ አንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይህን የሚሠሩት ሐኪሞች በሮቦት እየታገዙ ነው።

ሮቦት ሲባል የሁላችንም ጆሮ ይቆማል። ስለ ሮቦቱ በሰፊው እነግራችኋለሁ። ነገር ግን ከወዲሁ አንድ ነገር ልበላችሁ፦ በዚህ በሽታ ታማሚው መዳን አለመዳኑ በአብዛኛው የሚወሰነው ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ነው። ሕመሙ በእርግጥ ከዚያ ጅማት የመጣ ነው ወይስ ከሌላ? ይህ ጥያቄ በትክክል ካልተመለሰ፣ በዓለም ላይ ያለ ምርጥ ሮቦትም ቢሆን የሚፈይደው የለም።

እስቲ ቦታውን አብረን እንፈልገው። ከደረት አጥንታችሁ ጫፍ ሥር፣ ከእምብርት በላይ ያለውን ቦታ በጣታችሁ ዳስሱ። «ጨጓራዬን አመመኝ» ስንል የምንይዘው ያንኑ ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ ከጨጓራ በስተጀርባ፣ አኦርታ የሚባለው ትልቁ ደም ቅዳ የጀርባ አጥንትን ተደግፎ ይወርዳል። አኦርታ ከደረት ወደ ሆድ ሲገባ የሚያልፈው ድያፍራም በተባለው የመተንፈሻ ጡንቻ በኩል ነው። የዚህ ጡንቻ ሁለት እግሮች በአኦርታ ግራና ቀኝ ወርደው የጀርባ አጥንትን ይይዛሉ። ሁለቱን ከፊት በኩል የሚያገናኛቸው ደግሞ እንደ ቅስት የተወጠረ ጠንካራ ጅማት ነው። አኦርታ ከዚህ ቅስት ሥር እንደወጣ በሆድ ውስጥ የመጀመሪያውን ትልቅ ቅርንጫፉን ያወጣል። ሲሊያክ ደም ቅዳ ይባላል። ቁመቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ወዲያው ሦስት ቦታ ተከፍሎ አንዱ ወደ ጨጓራ፣ አንዱ ወደ ጉበት፣ አንዱ ወደ ጣፊያ ይሄዳል።

በአብዛኛው ሰው ጅማቱ ከዚህ ቅርንጫፍ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ አይነካካም። ከ100 ሰዎች ከ10 እስከ 24 በሚሆኑት ላይ ግን ጅማቱ ዝቅ ብሎ ደም ቅዳውን ከላይ ይሻገረዋል። ትንፋሽ ስናስወጣ ድያፍራም ወደ ላይ ስለሚነሳ ደም ቅዳውና ጅማቱ ይጠጋጋሉ፤ ጫናውም ይብሳል። አየር ስንስብ ላላ ይላል።

ታዲያ ከአሥር ሰው ቢያንስ አንዱ ይህ ነገር ካለበት፣ ይህ ሁሉ ሰው ይታመማል ወይ? አይታመምም። ጅማታቸው ዝቅ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ሲሊያክ ደም ቅዳ ሲጠብብ፣ ከሥሩ ያለው ሌላው ትልቅ የአንጀት ደም ቅዳ በቆሽት ዙሪያ ባሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች በኩል ደም ያካፍላል። ስለዚህ አንድ ሰው ለሌላ ጉዳይ ሲቲ ስካን ተነስቶ «ደም ቅዳህ ተጨምቋል» ቢባል፣ ያ ብቻውን በሽታ አለው ማለት አይደለም። እባካችሁ ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

የሚታመሙት ግን ክፉኛ ይታመማሉ። ማዕድ ላይ ቀርበው ጥቂት እንደጎረሱ፣ ወይም በልተው ብዙም ሳይቆዩ፣ ከደረት በታች ያለው ቦታ ይጠብቅባቸዋል፤ ያቃጥላቸዋል፤ አንዳንዴ ወደ ጀርባ ይወጋቸዋል። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ መነፋት፣ ተቅማጥ ይከተላል። አንዳንዶቹን ስፖርት ሲሠሩ ወይም ሲሮጡም ያማቸዋል። ቀስ በቀስ ሰውየው እህል ይፈራል። ርቦት እያለ አይበላም፤ ድግስ ላይ ተጋብዞ ይቀራል፤ «ብላ እንጂ» ሲሉት ይጨንቀዋል። ከዚያ ይከሳል፤ ልብሱ ይሰፋዋል። በሽታው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። በተለይ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባሉና ቀጠን ባሉ ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል፤ ወጣቶችንም ይይዛል።

በእኛ ዘንድ እዚያ ቦታ ላይ የሚያመው ሰው ጨጓራ ነው ብሎ ይነሳል፤ ሐኪሙም እንዲሁ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በአገራችን በጣም የተስፋፋ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ ልክ ነው። የባክቴሪያው መድኃኒት ተወስዶ፣ ኦሜፕራዞል ተውጦ፣ ተልባው ተጠጥቶ ሕመሙ ከተወ ጉዳዩ አለቀ። እኔን የሚያሳስበኝ ሳይተወው የሚቀረው ሰው ነው። መድኃኒቱን ሁለትና ሦስት ዙር ወስዶ፣ በኢንዶስኮፒ ታይቶ «ጨጓራህ ደህና ነው» ከተባለ በኋላ እየከሳ የሚሄደው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ «ጭንቀት ነው» ይባላል። ሐሞት ከረጢቱ ወጥቶለት ሕመሙ እንዳለ የቀጠለም አለ።

ምርመራው የሚጀምረው ሌላውን ሁሉ በማስወገድ ነው። የጨጓራ ቁስለት፣ የሐሞት ጠጠር፣ የቆሽት በሽታ፣ ካንሰር፣ የአንጀት ሕመም፣ በእኛ አገር ደግሞ የሆድ ቲቢና ጃርዲያን የመሳሰሉ ጥገኛ ተህዋስያን፣ ሁሉም በየተራ መታየት አለባቸው። ክብደት መቀነስ ቀላል ምልክት አይደለምና ማንኛውም ሐኪም እነዚህን ሳይዘል ማለፍ ይኖርበታል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዶፕለር የሚባለው የአልትራሳውንድ ምርመራ ነው። በሆድ ውስጥ አየር እንዳይበዛ ታማሚዋ እህል ሳትቀምስ ጠዋት ትመጣለች። ትጋደማለች፤ ቀዝቃዛው ጄል ከደረቷ ሥር ይቀባል፤ ባለሙያዋ መሣሪያውን ጫን አድርጋ ደም ቅዳውን ትፈልጋለች። ስታገኘው «አየር ይሳቡ… ያዙት» ትላለች። ስክሪኑ ላይ የደሙ ፍጥነት በማዕበል መልክ ይሳላል፤ ቁጥሩም ከጎኑ ይጻፋል። ቀጥላ «አሁን ያስወጡ… ሙሉ በሙሉ ያስወጡ… ያዙት» ትላለች። ደም ቅዳው የተጨመቀ ከሆነ በዚህች ቅጽበት ማዕበሉ ሽቅብ ይዘላል፤ ቁጥሩ በሰከንድ ከ200 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። የውሃ ጎማ ጫፉን በአውራ ጣት ስትጫኑት ውሃው እየፈጠነ እንደሚወጣ ማለት ነው። መልሳ አየር ስትስብ ቁጥሩ ይወርዳል። ቧንቧው ከውስጥ በስብ ደለል የጠበበ ቢሆን ኖሮ በትንፋሽ እንዲህ አይለዋወጥም ነበር። ከውጭ የሚጫን ነገር እንዳለ የሚያጋልጠው ይህ መዋዠቅ ነው። ለዚህ ነው ትንፋሽ ሳያስለውጡ የተሠራ ዶፕለር ለዚህ በሽታ የማይበቃው።

ቀጥሎ በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳው ሲቲ ስካን አለ። ሐኪሙ ምስሉን ከጎን በኩል ሲያየው፣ ደም ቅዳው ከአኦርታ እንደወጣ ወደ ታች ተቆልምሞ፣ ከላይ ተጎድቦ፣ ከጠበበው ቦታ አልፎ ደግሞ ሰፍቶ ይታያል። አንዳንድ ሆስፒታሎች ሌላም ነገር ይጨምራሉ። በደም ቅዳው ዙሪያ ያሉትን ነርቮች ለጥቂት ሰዓት የሚያደነዝዝ መድኃኒት በረጅም መርፌ ይወጋሉ፤ ታማሚዋም እህል እንድትቀምስ ይደረጋል። ለወራት ስትበላ ያማት የነበረች ሴት ያን ቀን በልታ ካላመማት፣ ቀዶ ሕክምናው ሊጠቅማት እንደሚችል ጥሩ ፍንጭ ነው።

ነርቭ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ በሽታ ታሪክ የክርክር ታሪክ ነው። ጅማቱ ደም ቅዳውን ሊጫነው እንደሚችል ቤንጃሚን ሊፕሹትዝ እ.ኤ.አ. በ1917 በአስከሬን ላይ ባደረጉት ጥናት ገልጸው ነበር። ፊንላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሃርዮላ በ1963 አንድ ታማሚ አክመው ጻፉ። በ1965 ደግሞ ዴቪድ ደንባርና ባልደረቦቻቸው በርካታ ታማሚዎችን አሰባስበው አቀረቡ፤ በሽታው እስከ ዛሬ በደንባር ስም ይጠራል። ወዲያው ግን ተጠራጣሪዎች ተነሱ። ደም በሌላ በኩል እየደረሰ እንዴት ሊያም ይችላል? ጤነኛ ሰዎች ላይስ ይኸው መጨመቅ እየታየ አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነበር። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሚስማሙበት መልስ ሕመሙ የደም ማነስ ብቻ አይደለም የሚል ነው። ልክ በዚያ ቦታ፣ በደም ቅዳው ዙሪያ፣ ከሆድ ዕቃ ስሜት የሚሰበስብ ትልቅ የነርቭ መረብ አለ። ጅማቱ ሲጫን እሱንም አብሮ ይጫነዋል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ሁለቱንም ይነካል፤ ጅማቱ ይቆረጣል፤ በደም ቅዳው ላይ የተጋደመው የነርቭ ህብረ ሕዋስም ይነሳል።

አሁን ወደ ቀዶ ሕክምናው እንግባ። ለብዙ ዓመታት የሚሠራው ሆድ ከደረት አጥንት ሥር እስከ እምብርት ድረስ ተከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራና ረጃጅም መሣሪያ፣ መሠራቱ ታተመ። በ2007 ደግሞ በሮቦት የታገዘው ለሕክምና ጽሑፍ በቃ።

ሮቦቱ ምንድን ነው? በብዛት የሚታወቀው ዳ ቪንቺ የሚባለው ነው። በካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያ የሚሠራው ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2000 ለሆድ ቀዶ ሕክምና ፈቀደው። የሐሳቡ መነሻ ከፊል ወታደራዊ ነው፤ ሐኪሙ ከጦር ግንባር ርቆ የቆሰለውን ወታደር እንዲያክም ታስቦ የተደረገ ምርምር ነበር። ርቀቱም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2001 ኒው ዮርክ የተቀመጡ ሐኪሞች፣ ዜውስ በተባለ ሌላ ሮቦት፣ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የተኙ አንዲት ሴት ሐሞት ከረጢት አውጥተዋል። በዕለት ተዕለት ሥራ ግን ሐኪሙ ሩቅ አይደለም፤ ከታማሚው ጥቂት እርምጃ ርቆ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

ክፍሉን ላሳያችሁ። ታማሚዋ በሙሉ ሰመመን ተኝታለች፤ አልጋው በራስጌ በኩል ከፍ ብሏል፤ ጨጓራና አንጀት ወደ ታች እንዲሸሹ ነው። ሆዷ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተነፍቷል። ሆዷ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሴንቲ ሜትር የማይሞሉ ጥቂት ቀዳዳዎች ተከፍተዋል። አራቱ የሮቦት ክንዶች ከላይ ወርደው፣ አንዱ ካሜራውን፣ ሌሎቹ መቁረጫና መያዣ ይዘው ገብተዋል። አጠገቧ ረዳት ሐኪም፣ ነርስና ሰመመን ሰጪ አሉ። ዋናዋ ቀዶ ሐኪም ኮንሶሉ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን መመልከቻው ውስጥ አስገብታ፣ ጣቶቿን መያዣዎቹ ውስጥ ሰክታለች። የምታየው ጥልቀት ያለው፣ እስከ አሥር እጥፍ የጎላ ምስል ነው። ጣቷን ስታንቀሳቅስ መሣሪያው ይንቀሳቀሳል፤ ስታቆም ይቆማል። ሮቦቱ በራሱ ፈቃድ አንዲት ክር አይቆርጥም።

መጀመሪያ ጉበት ወደ ላይ ይነሳል፤ ጨጓራ ወደ ጎን ይሳባል። በመካከላቸው ያለው ስስ ሽፋን ይከፈታል። ከዚያ ወደ ጨጓራ የሚሄደውን ደም ቅዳ ይዛ ወደ ምንጩ ትመለሳለች፤ እሱ እየመራ ሲሊያክ ደም ቅዳው ጋ ያደርሳታል። እዚያ ስትደርስ ነጣ ያለ፣ የወፈረ፣ የተወጠረ ማሰሪያ ታያለች። ከሥሩ አኦርታ በእያንዳንዱ የልብ ምት ይነሳል ይወርዳል። ሥራው አሁን ይከብዳል። ክሮቹን አንድ በአንድ ታነሳቸዋለች፤ ከሥራቸው ያለው ደም ቅዳ መሆን አለመሆኑን ታረጋግጣለች፤ ትቆርጣለች። ከደም ቅዳው መነሻ ወደ ላይ፣ የአኦርታ ፊት ለበርካታ ሴንቲ ሜትር ነጻ እስኪወጣ ድረስ ትቀጥላለች። ግማሹን ቆርጦ መተው ሕመሙ እንዲመለስ መፍቀድ ነው። መጨረሻ ላይ በብዙ ቦታ የአልትራሳውንድ መሣሪያ እዚያው ሆድ ውስጥ ገብቶ የደሙ ፍጥነት መውረዱ ይታያል።

ሮቦቱ የሚጠቅመው እዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። የላፓራስኮፒ መሣሪያ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ የሮቦቱ ግን ጫፉ ላይ እንደ እጅ አንጓ ይታጠፋል፤ ጥልቅ ቦታ ላይ ከአኦርታ ጎን ለጎን ሆኖ መቁረጥ ይችላል። የእጅ መንቀጥቀጥን ያጣራል፤ የሐኪሟን ሰፊ እንቅስቃሴ ወደ ትንሽ ይለውጣል። ካሜራውን ረዳት ሳይሆን ራሷ ስለምትይዘው አይወዛወዝም። የሚጎድለውም አለ። አብዛኞቹ እስካሁን በሥራ ላይ ያሉት ሮቦቶች መነካትን አይመልሱም፤ ሐኪሟ የምትስበው ነገር ምን ያህል እንደተወጠረ በጣቷ አይሰማትም፤ በዓይኗ ትገምታለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አዲሱ ዓይነት ይህን ስሜት በተወሰኑ መሣሪያዎች መመለስ ጀምሯል።

ትልቁ አደጋ መድማት ነው። ከአኦርታ ላይ የሚነሳ ደም በደቂቃ ብዙ ሊፈስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ግምገማ 400 ታማሚዎችን ሰብስቦ አይቶ ነበር። ከእነሱ መካከል በላፓራስኮፒ ከተሠራላቸው 121 ታማሚዎች በ11ዱ ላይ ደም በመፍሰሱ ምክንያት ሆድ መክፈት አስፈልጓል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ቡድን ሮቦቱን ፈጥኖ አንስቶ ሆድ መክፈትን አስቀድሞ የሚለማመደው። በዚያው ግምገማ ከታማሚዎቹ 85 በመቶ ያህሉ ወዲያው ከሕመማቸው ተሽሏቸዋል። መልካም ቁጥር ነው። ነገር ግን ከ100ው 15ቱ ያልተሻላቸው መሆኑን አትርሱት፤ ከተሻላቸውም ሕመሙ ቆይቶ የተመለሰባቸው አሉ።

በሮቦት የተሠራውና በላፓራስኮፒ የተሠራው ሲነጻጸሩስ? ያሉት ጥናቶች የጥቂት ሕሙማን ናቸው፤ በሕመም መሻል ረገድ ትልቅ ልዩነት አላሳዩም። ሮቦቱ ግን ውድ ነው፤ አንዱ ማሽን 2 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ይህን ቀዶ ሕክምና በላፓራስኮፒ ደጋግሞ የሠራ ሐኪም ካገኛችሁ፣ ሮቦት የለውም ብላችሁ አትለፉት። ሮቦት ኖሮት ይህን ቦታ እምብዛም ከማያውቅ ሐኪም እሱ ይሻላል።

አስቀድሞ ደም ቅዳው ውስጥ ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧ የሚያሰፋ የብረት ወንፊት፣ ማስገባትስ? ጅማቱ ሳይቆረጥ አይመከርም። ጅማቱ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ስለሚጫነው ይጎብጣል፤ ሊሰበርም ይችላል። ጅማቱ ከተቆረጠ በኋላ ደም ቅዳው ጠቦ ከቀረ ግን ስቴንት ሊጠቅም ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙዎች ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሆስፒታል ቆይተው ይወጣሉ። ምግብ የሚጀመረው በጥቂት በጥቂቱ ነው። አንዳንዱ በመጀመሪያው ሳምንት እንጀራውን በልቶ ሳያመው ሲቀር እንባው ይመጣል፤ ሌላው ነርቮቹ እስኪረጋጉ ወራት ይፈጅበታል። እህል መፍራቱም በአንድ ቀን አይለቅም፤ ቤተሰብ ይህን አውቆ «ዳንክ አይደል፣ ብላ» እያለ ባያስጨንቅ ጥሩ ነው።

አድማጮቼ፣ ጨጓራ የሚያማችሁ ሁሉ ይህ በሽታ አለባችሁ እያልኩ አይደለም፤ መድኃኒታችሁንም እንዳታቋርጡ። ግን በመድኃኒት ያልተወ፣ ከምግብ ጋር የሚመጣ፣ እያከሳ የሚሄድ ሕመም ካላችሁ አንድ ደብተር ያዙ። ምን በላችሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ በላችሁ፣ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ መቼ ተወ፣ ክብደታችሁ ስንት ነው፣ ጻፉት። ያንን ደብተርና እስከ ዛሬ የተሠራላችሁን ምርመራ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ «የሆዴ ደም ቅዳ በትንፋሽ እየተለየ በዶፕለር ይታይልኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፤ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አታስቀሩ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ሐኪሙን ይህን ስንት ጊዜ እንደሠራው፣ ደም ቢፈስ ምን እንደሚያደርግ ከመጠየቅ አትፈሩ። ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም ድንገተኛ ከባድ የሆድ ሕመም ካለ ግን ደብተር አያስፈልግም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።